በራሱ እግር

ተጣጥፎ በሻርፕ የተጠቀለለው ነጭ ዱላ ከተመራማሪዋ ቦርሳ ውስጥ፣ ከምሳ ዕቃዋ ጎን ተጋድሟል። ቦርሳው የላቦራቶሪው በር ጀርባ ተሰቅሏል። እሷ ፊቷን ለኮምፒውተሩ፣ ጀርባዋን ለቦርሳው ሰጥታ ብትቀመጥም፣ ጀርባዋን የሆነ ነገር ያሳክካታል። ዱላው የባሏ ነው። ጠዋት እሱ ፊቱን ሲላጭ፣ እንደ ሌባ ትንፋሿን ውጣ፣ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ አንስታ ይዛው ወጣች።

ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ጠቅታ ክፍሉን ሞልቶታል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ድምፁ የሚመጣው ከአንድ አይጥ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ለጢሙ ርዝመት ሲባል «ጋሽ ጢሞ» የሚል ማዕረግ የተሰጠው ይህ አይጥ፣ ክብ አጥር ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ከላይ የሚጣልለትን ፍርፋሪ ይለቅማል። አናቱ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቆብ ደፍቷል። ከቆቧ ሥር ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ወደ አንጎሉ ዘልቀው አንዲት ሕዋስ አጠገብ ጆሯቸውን ጥለዋል፤ ከቆቧ ወደ ጣሪያው የሚወጣው ቀላል ገመድ ደግሞ እንዳሻው እንዲዞር ይፈቅድለታል። ሕዋሷ ጠባየኛ ናት። ጢሞ ፊቱን ወደ ሰሜን ግድግዳ ሲያዞር ትንጫጫለች፤ ዞር ሲል ጸጥ ትላለች። ቢሮጥ፣ ቢቆም፣ ቢበላ፣ ቢያዛጋ ግድ የላትም። ፊቱ ወዴት እንደዞረ ብቻ ነው የሚገዳት።

ስለዚህች ዓይነት ሕዋስ ለባሏ መጀመሪያ የነገረችው ዓይኑ ገና ደህና ሳለ ነበር። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ጃኬት እየጠቀመ ሲሰማት ቆየና መርፌውን ከከንፈሩ አንስቶ፣ «የሰው ሚስት ሐኪም ስትሆን ለሰው ትሆናለች፤ የኔዋ የአይጥ መንገድ መሪ ሆና ቀረች» አላት። ሁለቱም እስኪያማቸው ሳቁ። ከዚያ የዓይን ግፊት መጣ። ማየት የሚባለው ነገር እንደ አሮጌ ጨርቅ ከዳር ከዳሩ እየተተረተረ ሄዶ መሃሉ ላይ አለቀ።

እሱ አላለቀሰም፤ ያለቀሰችው እሷ ናት። እሱ ዱላ መያዝ ተማረ፣ ክርና ቁልፍ በጣቱ መለየት ተማረ፣ ሱቁንም መልሶ ከፈተ። አንድ ቀን ወደ ሱቁ ሲሄድ ግን ክዳኑ ከተነሳ ቦይ ውስጥ ገባና ግንባሩ ተተረተረ። ሐኪም ቤት ሲሰፉት፣ «ሰፊም ይሰፋል ለካ!» ብሎ ነርሶቹን አሳቃቸው። እሷን አላሳቃትም። ከዚያን ቀን ወዲህ ክንዱን ለቃው አታውቅም። ሲነሳ ታነሳዋለች፣ ሲቀመጥ ወንበር ትገፋለታለች፣ ውሃ ሲጠማው ገና ሳይናገር ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ ነው። ሱቁም ተዘግቶ ቀረ።

ሲያወራት ፊቱ ሁልጊዜ ከእሷ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነው የሚያርፈው። ድምፅዋን ሰምቶ ሲዞርላት እሷ ኩሽና ገብታለች፤ ወደ ኩሽና ሲዞር ከኋላው መጥታ ኮሌታውን ታስተካክላለች። «አንቺ ሴት፣ አንድ ቦታ ቁሚ እንጂ! ከማን ጋር ነው የማወራው?» ይላታል። ትስቃለች። ሆኖም ያ ፊቱ፣ አጠገቧ ለቆመ ለሌላ ሰው የሚያወራ የሚመስለው ፊቱ፣ ከመታወሩ ይልቅ አንጀቷን ይበላታል።

ትናንት እራት ላይ፣ «ነገ ሱቄን እከፍታለሁ፤ ብቻዬን ነው የምሄደው» አለ።

«እኔ አደርስሃለሁ፤ ስወጣም እወስድሃለሁ።»

«እንደ ሻንጣ እኮ ነው የምታጓጉዢኝ። ሻንጣ የሄደበትን መንገድ አያውቀውም።»

ሆድ ባሳትና ሳህኖቹን አንስታ ሄደች። ጠዋት አልተከራከረችውም። ዱላውን ወሰደች።

«የት ሄድሽ?» አለ ሽቦ።

ሽቦ ባልደረባዋ ነው። ስሙ የወጣለት በሚሠራቸው ሽቦዎች ይሁን በቁመናው እሱም እርግጠኛ አይደለም።

«እዚሁ ነኝ።»

«አካልሽማ እዚሁ ነው» አለና ወደ ማሽኖቹ ተመለሰ።

ከጢሞ በፊት የነበሩትን አይጦች በተሸፈነ ሳጥን ተሸክመው ወደማያውቁት ክፍል አስገብተዋቸው ነበር። ሁሉም አቅጣጫቸው ጠፋባቸው። ወደ ሰሜን ይጮኽ የነበረው ሕዋስ አንዱ ወደ በር፣ አንዱ ወደ ጥግ መጮህ ጀመረ። ዛሬ ጢሞን የሚሸከመው የለም። ከክቡ አጥር ወጥቶ፣ በጠባብ መተላለፊያ አልፎ፣ አይቶት ወደማያውቀው ክፍል በራሱ እግር ይገባል። ሕዋሷ አቅጣጫዋን ይዛ ትገባለች ወይስ እሷም ትጠፋለች? ሊያውቁ የፈለጉት ይህንን ነው። መድገም ብሎ ነገር የለም፤ አዲስ ክፍል አዲስ የሚሆነው አንዴ ብቻ ነው። የሕዋሷም ድምፅ ከሰሞኑ እየራቀ መጥቷል፤ አንጎሉ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ትንሽ ከተንሸራተቱ ነገ ላይሰሟት ይችላሉ።

ክቡ አጥር ውስጥ ለጢሞ ምልክት የሚሆነው አንድ ነጭ ካርቶን ብቻ ነው። ሥራውን የጀመሩ ሰሞን አንድ ትልቅ ስህተት ሠርተው ነበር። የያኔው አይጥ ዓይኑ እያየ ካርቶኑን ካንዱ ጎን ወደ ሌላው ያዞሩት ነበር። ጥቂት እንደቆየ አይጡ ካርቶኑን ማመን ተወ፤ ከዚያ ወዲያ የትም ቢሰቅሉት ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ብዙ ወር የለፉበት ሥራ ገደል ገባ። ሽቦ በንዴት አዲስ ካርቶን ለጠፈና ጀርባው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «እዚህ ነኝ፤ አልሄድም» ብሎ ጻፈበት። አይጡ አያነብበውም። የተጻፈው እጃቸው ለማያርፍ ተመራማሪዎች ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ።

«እመቤቴ፣ ዱላዬን አይተሽልኛል?»

«አላየሁም። ከበሩ ጀርባ የለም?» ውሸቱ ሲወጣ ቀሏት ነበር፤ ከወጣ በኋላ ነው የከበዳት።

«ከበሩ ጀርባ፣ ከአልጋው ሥር፣ ቁምሳጥን ውስጥ ፈለግሁ። ድስት ውስጥ ሳይቀር እጄን ከትቻለሁ።» ሳቀ። «ዕውር ምን ትሻለህ ቢሉት ብርሃን አለ ይላሉ። ሐሰት ነው። ዱላዬን ነው ያለው።»

ልትስቅለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። በጉልበቱ ተንበርክኮ የአልጋውን ሥር ሲዳብስ፣ የድስቱን ክዳን ቀስ ብሎ ሲያነሳ ታያት።

«ስመጣ እንፈልገዋለን። ከዚያ አብረን እንሄዳለን።»

«አብረን ስትዪ፣ አንቺ ሄደሽ እኔ ተወስጄ ነው።»

«እሺ በለኝ ባክህ።»

«እሺ» አላትና ስልኩን ዘጋ።

ትዳር ውስጥ የኖረ ሰው እሺ ሁሉ እሺ እንዳልሆነ ያውቃል። ተመራማሪዋ ይህኛውን ከድምፁ አወቀችው። ተነስታ ልትሄድ ወደ በሩ ስታይ፣ ሽቦ የመተላለፊያውን በር ገመድ በእጁ ጠቅልሎ ይጠብቃታል፤ ጢሞም ጢሙን እያሻሸ ይጠብቃል። ፀሐይ ሳትበርድ ባሏ አይወጣም፤ እስከዚያ እደርሳለሁ ብላ ራሷን አጽናናችና ተቀመጠች። ምሳ ዕቃዋን ለማውጣት ቦርሳውን መክፈት ሊኖርባት ነው። ጦሟን ዋለች።

በሩ ተነሳ። ጢሞ አፍንጫውን ወደ መተላለፊያው አስገባ፣ አወጣ፣ እንደገና አስገባ። ከዚያ በግድግዳው ጥግ ተለጥፎ ሆዱን እየጎተተ ሄደ። የአዲሱ ክፍል ደፍ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ግማሽ አካሉ መተላለፊያው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ነው። ከፊቱ ያለው ወለል ሸትቶት የማያውቀው ወለል ነው። ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዞረ። ድምፅ ማጉያው ጸጥ አለ።

ጸጥታው ረዘመ። ጢሞ ወደፊት አይሄድም፣ ወደኋላም አይመለስም። ጎኑ ሲርገበገብ ከላይ ይታያታል። ጀርባውን በጣቴ ትንሽ ብቻ ገፋ ባደርገው ብላ አሰበች። ሐሳቡን ሳትጨርስ እጇ አጥሩን አልፎ ሄዷል።

«አትንኪው!» አለ ሽቦ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታው ከጩኸት ይብስ ነበር። «ከነካሽው የገባሽው አንቺ ነሽ፤ እሱ አልገባም።»

እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ፈርቷል እኮ።»

«ይፍራ። እኛስ አልፈራንም?»

እጇን መለሰችና ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። እንደዚያ ጨምቃ ይዛው ቆመች። ጢሞ አንድ እግሩን አነሳ፤ አስቀመጠ። ሌላኛውን አነሳ። ከዚያ ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳይገፋው፣ ገባ። ግድግዳውን በጢሙ እየዳሰሰ ዞረ፤ ድምፅ የለም። ጥጉን አልፎ ዞረ፤ ድምፅ የለም። ፊቱ ወደ ሰሜን ሲዞር፣ ጠቅ አለ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ያችው ሕዋስ ናት፤ ያንኑ አቅጣጫ ይዛ ገብታለች።

መጮህ ስለማይቻል ሽቦ አየሩን በቡጢ ደበደበው። ዞር ብሎ ሲያያት እንባዋ አገጯ ደርሷል።

«ምነው? ተሳካ እኮ!»

«ተሳካ» አለች። «ማንም አልነካውማ።»

ልኬታው አልቆ ጢሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስልኳን አንስታ ደወለች። ጠራ፤ አይነሳም። እንደገና ደወለች፤ አይነሳም። ቦርሳዋን ከማንጠልጠያው ነጠቀችው።

«ወዴት?» አለ ሽቦ።

«የሰው ዱላ ሰርቄአለሁ፤ ልመልስ ነው።»

ቤታቸው ስትደርስ በሩ ተቆልፏል። ከፍታ ገባች። ቁምሳጥኑ እንደተከፈተ፣ የአልጋ ልብሱ ወደ ላይ እንደተገለበጠ ነው። ድስቶቹ ግን ክዳን ክዳናቸውን አግኝተው በሥርዓት ተደርድረዋል። ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ምስማር ባዶ ነው። ሱቁ የተዘጋ ጊዜ ባሏ ከዚያ ያመጣው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ጨርቅ የሚለካበት የእንጨት ሜትር። ያ ምስማር ላይ ይሰቀል ነበር፤ አሁን የለም። መሳቅም መሮጥም አማራትና እየሳቀች ሮጠች። ትንሽ እንደሄደች ሳቁ ጥሏት ጠፋ፤ ሩጫው ቀረ።

ያገኘችው አዲስ ሕንፃ የሚሠራበት ማዕዘን ላይ ነው። ኮቱን ለብሷል፤ ጫማውን ወልውሏል። የእንጨት ሜትሩን ከፊቱ ቀኝና ግራ እያደረገ፣ መንገዱን ሁሉ ሱሪ ሊሰፋለት የሚለካ መስሎ ይሄዳል። ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተችና ተወችው። ኮቴዋን አሳምሮ ያውቀዋልና ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ሰው ሁሉ እሱን ትቶ እሷን ያያል። እዩኝ እንጂ ምን ቸገረኝ ብላ በባዶ እግሯ ተከተለችው።

ግንበኞቹ የእግረኛው መንገድ ላይ አሸዋ ቆልለዋል። ትናንት አልነበረም። ሜትሩ አሸዋው ውስጥ ሰጠመ፤ እሱም ቀጥ አለ። በአንድ በኩሉ አጥር ነው፤ በሌላው በኩል መኪኖች ይበራሉ። ሜትሩን አውጥቶ ወደ ግራ ወጋ፤ አሸዋ ነው። ወደ ቀኝ ወጋ፤ ባዶ ነው። ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዞረ። ይህን አዟዟር ዛሬ አይታዋለች። ከኋላው ክንዷን ብትዘረጋ ኮቱን ትይዛለች። ክንዷም ተዘርግቷል፤ ጣቶቿ ኮቱን ሊነኩት ነው። ከነካሽው የገባሽው አንቺ ነሽ። አንድ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ በአጠገቡ አለፈ፤ እሱ ክው ሲል ትከሻው ሲሸማቀቅ አየች። እጇን ወደ አፏ ወሰደችና ነከሰችው።

እሱ የመኪናዎቹ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀ። የአሸዋውን ጠርዝ በሜትሩ እየነካ፣ አንድ እግሩን ከእግረኛው መንገድ አወረደ። አስከትሎ ሌላውን አወረደ። ጠርዙን ሳይለቅ፣ ልክ የጨርቅ ዳር እንደሚከተል መቀስ፣ ዙሪያውን ዞረ። ሜትሩ ከወዲያ በኩል ያለውን አጥር ሲያገኝ ጠቅ አለ። ወደ እግረኛው መንገድ ወጣ፤ ኮቱን አራገፈ፤ ሄደ። ተመራማሪዋ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ መንገዱን ተሻገረችና በማዶ በኩል ተከተለችው።

ከሱቁ በር አንድ በር አልፎ ሄደና ቆመ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ተመለሰ። የሱቁን የብረት በር በመዳፉ ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። ቁልፉ ዝጎ ታገለው፤ እሱም ታገለው። በሩ ሲከፈት ገብቶ ከጨለማው ጋር አንድ ሆነ። ለእሱ ያው ነው፤ መብራት የሚያስፈልገው ለደንበኛ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን መብራቱም በራ። ከዚያ የስፌት መኪናው ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ እየተደነቃቀፈ፣ ቀጥሎ ባንድ ትንፋሽ።

መንገዱን ተሻግራ ቦርሳዋን ከፈተች። ዱላውን ከሻርፑ ፈትታ፣ እንደታጠፈ፣ በማሰሪያው የሱቁ በር እጀታ ላይ አንጠለጠለችው። ማን እንዳንጠለጠለው ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልገውም። ከዚያ ጫማዋን ሳታጠልቅ፣ ዞር ብላ ሳታይ፣ ወደ ቤቷ ሄደች። በሕይወቷ ከሄደችባቸው መንገዶች ሁሉ ይህን ያህል የረዘመባት የለም።

ቤት ገብታ በሩ ትይዩ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መስኮቱ ጋ ልትቆም ተነሳች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ስልኳን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። እጇ አላርፍ ሲላት ከጭኗ ሥር ከተተችው። ምን ያህል እንደምትወደው፣ መውደዷም እንዴት እንደከበደው፣ እጇ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ያ ቦይ፣ ያ ስፌት፣ ያ ደም የነካው ኮሌታ ተራ በተራ መጡባት። አሁን አሸዋው ጋ ደርሶ ይሆናል። አሁን አልፎት ይሆናል። የመስኮቱ ብርሃን እየደበዘዘ ሄደ፤ መብራት ማብራቱን ረሳችው።

መጀመሪያ የሰማችው ሁለት ዓይነት ድምፅ ነው፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ደንዳና። ዱላው በአንድ እጁ፣ የእንጨት ሜትሩ በሌላው ነው። ድምፆቹ ደጁ ላይ ቆሙ። በሩ ተከፈተ፤ እሱም ደፉ ላይ ቆመ።

«አለሽ?»

ጉልበቷ ቀድሟት ተነስቶ ነበር፤ በግድ አስቀመጠችው።

«አለሁ። እዚህ ነኝ፤ አልሄድም።»

ዱላውን ወደ ላይ ከፍ አደረገው። «ሱቄ በር ላይ በቅሎ አገኘሁት።»

«እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

«አውቃለሁ» አለ። «ድስት ውስጥ ስፈልገውም አውቅ ነበር።»

እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች፤ እጇ አሁንም ጭኗ ሥር ነው።

«ፈርቼ ነው። እንዳላጣህ ብዬ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ። አንድ ቦታ አሸዋ ቆልለው፣ እዚያ ጋ በጣም ፈራሁ።»

አይቼሃለሁ ልትለው አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። «እንዴት አለፍከው?» አለች።

«እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ልቀመጥ።»

ዱላውን በሩ ጀርባ አስደገፈ፤ ሜትሩንም ከጎኑ አቆመው። ባዶ እጁን ወደ ውስጥ ተራመደ። ምንጣፉ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ወንበሩ ወዴት እንደሆነ፣ ጠረጴዛው ወዴት እንደሆነ አልነገረችውም፤ አልተነቃነቀችም። ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ቀስ ብሎ ወደ ግራ አዞረ። ከዚያ ፊቱ መጥቶ፣ ትክክል እሷ ላይ ቆመ።